ቆሽት ሲያር
የአንባቢያን ጥያቄና የሐኪም መልስ፣ ከባሕር ዳር

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው አራት ደብዳቤዎች ሁሉም ከጣና ዙሪያ የመጡ ናቸው፤ የሚጠይቁትም ስለ አንድ ሕመም፣ ስለ ድንገተኛ የቆሽት ብግነት ነው። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ከሞላ ጎደል እንዳለ አትመነዋል፤ ሌሎቹን አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር የምኖር የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ታላቅ ወንድሜን በፋሲካ ማግስት ማምሻውን ከእምብርቱ በላይ ይወጋው ጀመር፤ ውጋቱ ወደ ጀርባው ይዘልቃል። ቤተሰቡ ‹ጨጓራው ነው፤ ከጾም ወደ ጮማ በአንድ ጊዜ ስለገባ ነው› ብሎ እርጎ ሲያጠጣው አደረ። ጧት ወደ አንድ ሆስፒታል ስንወስደው ቆሽቱ መቆጣቱን፣ ምክንያቱም የሐሞት ጠጠር መሆኑን ነገሩን። በሁለተኛው ቀን መተንፈስ አቃተውና ኦክስጅን ተደረገለት፤ ሽንቱም ቀነሰ። ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቤቱ ገብቷል። ያልገቡኝ ነገሮች ግን አሉ። ሕመሙ ሆዱ ላይ ሳለ ሳንባውና ኩላሊቱ ለምን ደከሙ? አንቲባዮቲክ ስጡት ብለን ስንለምን ‹ኢንፌክሽን የለበትም› ብለው ለምን ከለከሉን? አንድ ወጣት ሐኪም ‹ሳይቶካይን ነው› ያለን ነገርስ ምንድን ነው? እናታችን ደግሞ ‹ልጆቹ ቆሽቱን አሳርረውት ነው› እያሉ የልጅ ልጆቻቸውን ይወቅሳሉ።»

መልስ፦ እኅቴ፣ ከእናትዎ ቃል ልጀምር፤ ወቀሳ በቤት ውስጥ ከሕመሙ የበለጠ ዕድሜ ሊኖረው ይችላልና። አማርኛችን ንዴትን የሚያኖረው ቆሽት ውስጥ ነው። «ቆሽቴ አረረ»፣ «ቆሽቴ ድብን አለ» የማይል ሰው የለም፤ እኛ ሐኪሞች የምንጠቀምበት «ብግነት» የሚለው ቃልም ሰው በንዴት ውስጡ ሲጤስ «ብግን አለ» ከሚባለው ጋር አንድ ሥር ነው። ይሁን እንጂ ንዴት ቆሽትን እንዲህ አድርጎ እንደሚያቃጥል የሚያሳይ ማስረጃ የለም። የወንድምዎን ቆሽት ያሳረረችው ከሐሞት ከረጢቱ ወጥታ መተላለፊያውን የዘጋች ጠጠር ናት። በዓለም ዙሪያ የዚህ ሕመም ሁለት ዋና ምክንያቶች የሐሞት ጠጠርና አልኮል ናቸው፤ ከእነርሱ ቀጥሎ ትራይግሊሰራይድ የተባለው የደም ቅባት ከመጠን በላይ መጨመር፣ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ እንደኛ ባለው አገር ደግሞ ወደ ሐሞት ቱቦ የሚወጣ ወስፋት ይጠቀሳሉ። ልጆቹ ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የሉበትም።

ቆሽት ከጨጓራ በስተጀርባ አግድም የተጋደመ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም እጢ ነው። በቀን እስከ አንድ ሊትር ተኩል የሚደርስ የምግብ መፍጫ ፈሳሽ ወደ ትንሹ አንጀት ያፈስሳል። በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ፕሮቲንን የሚፈጨው ትሪፕሲን ከቆሽት የሚወጣው ትሪፕሲኖጅን በተባለ፣ ገና ባልነቃ መልኩ ሲሆን፣ የሚነቃው አንጀት ከገባ በኋላ ነው፤ ስለቱ ሰገባው ውስጥ እንዳለ መንገዱን ይጓዛል ማለት ነው። የሐሞትና የቆሽት ቱቦዎች አንድ ላይ የሚከፈቱበትን ጠባብ በር ጠጠር ሲዘጋው ግን ፈሳሹ ይታቆራል፤ በቆሽት ሕዋሳት ውስጥ የካልሲየም መጠን ከፍ እንዳለ ይቀራል፤ ካቴፕሲን ቢ የተባለ ሌላ ኢንዛይምም ትሪፕሲኖጅንን እዚያው ሕዋሱ ውስጥ ያነቃዋል። ቆሽት ራሱን መፍጨት ይጀምራል። ይህን ሐሳብ ሃንስ ኪያሪ የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1896 ጽፎታል፤ ከዚያም በኋላ ለረጅም ዘመን የሕመሙ ታሪክ በዚህ የሚያበቃ ይመስል ነበር።

አላበቃም። ትሪፕሲን በሚነቃበት በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ሕዋስ ውስጥ ኤንኤፍ ካፓ ቢ የተባለ ሌላ ቁልፍ ይከፈታል፤ ወደ ሕዋሱ አስኳል ገብቶም ብግነት የሚቀሰቅሱ ጂኖችን ያስነሣል። ይህ ቁልፍ ትሪፕሲንን እንደማይጠብቅ የታወቀው በአይጦች ላይ በተደረገ ምርምር ነው። ለሕመሙ ዋናውን ትሪፕሲኖጅን እንዳያመነጩ ተደርገው የተወለዱ አይጦች ቆሽታቸው ሲጎዳ የሞተው የቆሽት ክፍል አነሰ፤ ብግነቱ ግን አልቀረም። ስለዚህ ጉዳቱ ሁለት መንገድ አለው፤ አንደኛው የኢንዛይም ነው፣ ሁለተኛው የመልእክት ነው። ወንድምዎን ወደ ኦክስጅን ያደረሰው ሁለተኛው ነው።

ሳይቶካይን የሚባሉት ሕዋሳት እርስ በርሳቸው የሚላላኩባቸው ጥቃቅን ፕሮቲኖች ናቸው። በገጠር የሣር ቤት ሲቃጠል አንድ ሰው «እሪ!» ይላል፤ የሰማ ሁሉ ያስተጋባዋል፤ ውኃ የያዘም፣ ገጀራ የያዘም፣ ባዶ እጁን የሆነም ይሮጣል። እሪታው ባይኖር ቤቱ ብቻውን ይነድ ነበር። እሪታው ሳያባራ ሲቀር ደግሞ ደራሹ የጎረቤቱን አጥር ያፈርሳል፣ አዝመራውን ይረግጣል፣ እሳት ያልነካውን ጣራ ሳይቀር ይገነጥላል። በቆሽት ውስጥ የመጀመሪያዎቹ እሪታዎች ቲዩመር ኔክሮሲስ ፋክተር አልፋ (ከዚህ በኋላ ቲኤንኤፍ እንለዋለን) እና ኢንተርሉኪን 1 ቤታ ናቸው። እነዚህ ሁለቱ ሌሎቹን ይጠራሉ። ኢንተርሉኪን 8 ኒውትሮፊል የተባሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ቦታው ይስባል፤ ኢንተርሉኪን 6 ጉበትን ያዝዛል፣ ትኩሳት ያስነሣል። የሚሞቱት የቆሽት ሕዋሳት ደግሞ ሲፈነዱ በውስጣቸው የነበረውን ዲኤንኤ፣ የሕዋስን ኃይል የሚሸከመውን ኤቲፒ እና ኤችኤምጂቢ 1 የተባለ የአስኳል ፕሮቲን ይበትናሉ። የመከላከያ ሕዋሳት ይህን ፍርስራሽ ልክ እንደ ባክቴሪያ ምልክት አድርገው ያነቡታል። አንድም ተሕዋስ በሌለበት፣ ሰውነት የተወረረ መስሎት ይዘምታል።

አሁን ወደ ሳንባው እንምጣ። ከቆሽት የሚወጣው ደም በቀጥታ ወደ ልብ አይሄድም፤ መጀመሪያ ጉበት ይገባል። በጉበት ውስጥ የሚኖሩት ኩፕፈር የተባሉ የመከላከያ ሕዋሳት እሪታውን ተቀብለው የራሳቸውን ሳይቶካይን ይጨምሩበታል። ከጉበት የወጣው ደም የልብን ቀኝ ክፍል አልፎ የሚያገኘው የመጀመሪያው ጥቃቅን የደም ሥር መረብ የሳንባ ነው። እዚያም የደም ሥሮቹ ውስጠኛ ግድግዳ በሳይቶካይን ትእዛዝ አጣባቂ ይሆናል፤ ሲያልፉ የነበሩት ኒውትሮፊሎች ይለጠፉበታል፤ ለባክቴሪያ የተዘጋጀውን ኢላስቴዝ የተባለ ኢንዛይማቸውን እዚያው ይለቃሉ። ግድግዳው ማፍሰስ ይጀምራል፤ አየር ሊገባበት የሚገባው ከረጢት ፕሮቲን ባለው ውኃ ይሞላል። ወንድምዎ በሁለተኛው ቀን ትንፋሽ ያጠረው ስለዚህ ነው እንጂ ሳንባው ሌላ በሽታ ይዞት አይደለም። ኩላሊቱም እንዲሁ ነው። በመላው ሰውነት የደም ሥሮች ሲላሉና ሲያፈስሱ ውኃው ከደም ሥር ወጥቶ በሆድ ዕቃና በሥጋ መካከል ይተኛል፤ ወደ ኩላሊት የሚደርሰው ደም ያንሳል። አስታምመውት ከሆነ አይተውት ይሆናል፤ ፊቱና እጁ አብጦ ሳለ ከንፈሩ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ የሽንት ከረጢቱ ውስጥ የሚወርደውም ጥቁር ሻይ የመሰለ ጥቂት ጠብታ ነው። ውኃው ከሰውነቱ አልወጣም፤ ቦታ ለውጧል።

ይህ በሁሉም ላይ አይደርስም። ከአምስት ታማሚዎች የአራቱ ያህል ሕመም ቀላል ሆኖ በአንድ ሳምንት ውስጥ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የተሻሻለው፣ የዚህን ሕመም ክብደት የሚለየው የአትላንታ አመዳደብ «ከባድ» የሚለው የሳንባ፣ የኩላሊት ወይም የደም ዝውውር ድካም ከ48 ሰዓት በላይ ሲቆይ ነው፤ በዚህ ደረጃ ከደረሱ 100 ታማሚዎች ከ20 እስከ 40 የሚሆኑት እንደሚሞቱ ብዙ ጥናቶች ይስማማሉ። ወንድምዎ ያመለጡት ከዚህ ነው።

ስለ አንቲባዮቲኩም መልሱ ከላይ ያለው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ትኩሳቱም፣ የልብ ምቱ መፍጠንም፣ የነጭ ደም ሕዋስ መብዛትም ከሳይቶካይን የመጡ ናቸው፤ አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን እንጂ ሳይቶካይንን አይገድልም። ኢንፌክሽን ሳይኖር ለመከላከያ ተብሎ መስጠት እንደማይጠቅም ተፈትኖ ታይቷል፤ ዓለም አቀፍ መመሪያዎችም አይደግፉትም። ያለ ጊዜው የተሰጠ አንቲባዮቲክ መድኃኒቱን የለመዱ ባክቴሪያዎችንና ፈንገስን ያስቀራል፤ እነዚያ ደግሞ ሊመጡ የሚችሉት በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለተኛው ሳምንት ወዲህ፣ የደከመው የአንጀት ግድግዳ ባክቴሪያን ወደ ሞተው የቆሽት ክፍል ሲያሳልፍ ነው። ያን ጊዜ አንቲባዮቲክ የግድ ይሆናል። የሐሞት ቱቦው ራሱ ከተመረዘም እንዲሁ። ሐኪሞቹ የከለከሉት ትክክል ነበር፤ ለምን እንደከለከሉ ቁጭ ብለው አለማስረዳታቸው ግን ትክክል አልነበረም፤ ይህን እንደ ሙያ ባልደረባ እላለሁ።

ጥያቄ፦ «በባሕር ዳር የጤና ሳይንስ ተማሪ ነኝ። በኮቪድ ጊዜ ብግነት አብራጁ ዴክሳሜታዞንና ኢንተርሉኪን 6ን የሚያግደው ቶሲሊዙማብ ሕይወት እንዳዳኑ ተምረናል። ከባድ የቆሽት ብግነትም የሳይቶካይን ማዕበል ከሆነ፣ እነዚህን መድኃኒቶች የማንሰጠው ለምንድን ነው? ሕክምናው እስከ ዛሬ ፈሳሽ፣ ማስታገሻና ኦክስጅን ብቻ መሆኑ አይገርምም?»

መልስ፦ ይገርማል። ለዚህ ሕመም ሥሩን የሚነካ መድኃኒት የለንም፤ ያልተሞከረ ሆኖ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ትልቅ ተስፋ የተጣለበት ሌክሲፓፋንት ነበር። ይህ መድኃኒት ፕሌትሌት አክቲቬቲንግ ፋክተር የተባለውን፣ የደም ሥርን እንዲያፈስስ የሚያደርግ የብግነት መልእክተኛ ያግዳል። በእንስሳት ሠራ፤ በትንንሽ የታማሚ ጥናቶችም ጥሩ ምልክት አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው፣ 290 ታማሚዎችን ያካተተው ትልቁ ጥናት ግን የአካል ክፍሎችን ድካም እንዳልቀነሰ አረጋገጠ፤ መድኃኒቱም በዚያው ቀረ። የዚህን ጥናት ዝርዝር ስታነብ አንድ ነገር ዓይንህ ውስጥ ይገባል፤ ከታማሚዎቹ ብዙዎቹ ጥናቱ ውስጥ ሲገቡ አካላቸው መድከም ጀምሮ ነበር።

ችግሩ ሰዓት ነው። በላቦራቶሪ ያለው ተመራማሪ አይጡን መቼ እንዳሳመመው ያውቃል፤ መድኃኒቱን ከሕመሙ አስቀድሞ ወይም አብሮ መስጠት ይችላል። የኛ ታማሚ ግን ማታ ታሞ፣ እርጎ ጠጥቶ፣ ጧት ባጃጅ ተሳፍሮ ይመጣል። ቲኤንኤፍ በደም ውስጥ ዕድሜው የሚቆጠረው በደቂቃ ነው፤ ደም ስትቀዳ ላታገኘው ትችላለህ፣ ያስነሣቸው ግን ሥራ ላይ ናቸው። የሰዓቱን ነገር በተቃራኒው የሚያስረዳ ምሳሌ አለን። ኢአርሲፒ በተባለው፣ በአፍ በሚገባ መሣሪያ የሐሞት ቱቦን በመክፈት ሕክምና የተነሣ አንዳንድ ሰው ቆሽቱ ይቆጣል። እዚህ ላይ ሕመሙ የሚጀምርበት ደቂቃ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ፣ 602 ታማሚዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ ተራውን የሕመምና የብግነት ማስታገሻ ኢንዶሜታሲን ከሕክምናው በኋላ ወዲያውኑ በፊንጢጣ መስጠት የቆሽት ብግነትን ከ16.9 በመቶ ወደ 9.2 በመቶ አውርዶታል። ርካሽ፣ አሮጌ መድኃኒት ነው፤ ልዩነቱ ከእሪታው ቀድሞ መድረሱ ነው።

ሁለተኛው ችግር መልእክተኞቹ ብዙ መሆናቸው ነው። ቲኤንኤፍን ብታግድ ኢንተርሉኪን 1 ያው ሥራ አለው፤ እሱንም ብታግድ ከሞቱ ሕዋሳት የሚፈስሰው ፍርስራሽ በሌላ በር ይገባል። ሦስተኛውን ግን እኔ ከሁሉ አስቸጋሪ አድርጌ አየዋለሁ። ሰውነት ብግነቱን ሲያነሣ ማብረጃውንም አብሮ ያነሣል፤ ኢንተርሉኪን 10 እና የኢንተርሉኪን 1ን መቀበያ የሚዘጋው ፕሮቲን የዚህ ወገን ናቸው። ማብረጃው ከመጠን ሲያልፍ ሞኖሳይት የተባሉት ሕዋሳት ጠላትን ለይተው የሚያሳዩበትን ኤችኤልኤ ዲአር የተባለ ምልክታቸውን ይጥላሉ፤ ሰውየው በብግነት እየተቃጠለ በዚያው ጊዜ መከላከያው ይፈዝዛል። ከሁለተኛው ሳምንት ወዲህ ያለው ኢንፌክሽን በሩን የሚያገኘው በዚህ ፍዘት ነው። እንግዲህ ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት የምትሰጠው ታማሚ ዛሬ ከየትኛው ወገን ነው? በትኩሳቱ ብቻ አትለየውም። በኛ አገር ደግሞ ተጨማሪ ነገር አለ። ቲኤንኤፍ በሳንባ ውስጥ ተኝቶ የሚኖረውን የቲቢ ተሕዋስ አጥሮ ከሚይዙት አንዱ ስለሆነ፣ ለመገጣጠሚያ ብግነት ቲኤንኤፍን የሚያግደው ኢንፍሊክሲማብ የሚሰጣቸው ሰዎች የተኛ ቲቢ እንዳይነሣባቸው አስቀድመው ይመረመራሉ።

የቲኤንኤፍ ስም («ዕጢ ገዳይ» እንደማለት ነው) ራሱ ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ1975 በኒውዮርክ የሠሩ ተመራማሪዎች ይህን ስም ያወጡለት በአይጥ ላይ ያለ የካንሰር ዕጢን ስላሟሸሸ ነው፤ በአሥር ዓመት ውስጥ ግን እንስሳትን አመንምኖ የሚያከሳው፣ ካኬክቲን ይባል የነበረው ፕሮቲን እሱ ራሱ ሆኖ ተገኘ። ስሙ የመድኃኒት፣ ግብሩ የሁለቱም ሆነ።

ምክንያታዊ የሚመስል ሐሳብ ሁሉ ታማሚ ላይ ሲሞከር እንደማይጠቅም አንድ ተጨማሪ ላንሣ። በኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች የአንጀትን ግድግዳ ያጠናክራል ብለው ጠቃሚ የሚባሉ ባክቴሪያዎችን ከባድ ሕመም ለሚያሰጋቸው ታማሚዎች በቱቦ ሰጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ውጤት ባክቴሪያውን ካገኙት 16 በመቶ፣ ካላገኙት 6 በመቶ መሞታቸውን አሳየ። ዴክሳሜታዞንም ቶሲሊዙማብም በኮቪድ በሺዎች በሚቆጠሩ ታማሚዎች ተፈትነው ነው የተፈቀዱት፤ በኮቪድ ሳንባው መድከም የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከሳምንት በኋላ ስለሆነ ጊዜም ነበራቸው። በቆሽት ብግነት እንዲህ ያለ ማስረጃ እስካሁን የለም። ኢንፍሊክሲማብን በዚህ ሕመም ላይ ለመፈተን በብሪታንያ ጥናት ተጀምሯል። የኔ ግምት፣ የሚያዋጣው ታማሚው ከየትኛው ምዕራፍ እንዳለ በአልጋው አጠገብ የሚነግር ምርመራ አስቀድሞ ከተገኘ ነው።

ጥያቄ፦ «በደቅ ደሴት የምሠራ የጤና ባለሙያ ነኝ። ሆዱን የሚያመው ሁሉ ‹ጨጓራዬ ነው› እያለ ይመጣል። ላይፔዝም ሲአርፒም አልመረምርም። የትኛውን በጀልባ ወደ ባሕር ዳር ልላክ? እስኪሻገርስ ምን ያህል ግሉኮስ ልስጠው?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኢንተርሉኪን 6ን እኛም በየቀኑ አንለካም፤ የምንለካው ጥላውን ነው። ኢንተርሉኪን 6 ጉበትን ሲያዝዘው ጉበት ሲአርፒ የተባለውን ፕሮቲን ያመነጫል። ከሕመሙ መነሻ በ48 ሰዓት ገደማ ሲአርፒ በሊትር ከ150 ሚሊ ግራም በላይ ከሆነ ሕመሙ መክበዱን ያመለክታል። ሁለት ጥንቃቄ አለው። ጉበት ትእዛዙን ተቀብሎ እስኪያመርት ጊዜ ስለሚወስድ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የተሠራ ሲአርፒ ዝቅ ብሎ ያዘናጋል፤ አንዳንድ ላቦራቶሪም ውጤቱን በዴሲ ሊትር ስለሚጽፍ 15 የሚለው ቁጥር 150 ሊሆን ይችላል። ቅባትን የሚፈጨው የቆሽት ኢንዛይም ላይፔዝ ደግሞ ሕመሙን ለመለየት እንጂ ለክብደት መለኪያ አይሆንም፤ ከጤነኛው ጣሪያ ከሦስት እጥፍ ካለፈ ሕመሙ ቆሽት መሆኑን ይደግፋል፣ ሃያ እጥፍ ሆነ ማለት ግን ከሦስት እጥፉ የከፋ ነው ማለት አይደለም።

ያለ ላቦራቶሪ የሳይቶካይንን ሥራ የሚያሳይ መሣሪያ እጅዎ ላይ አለ፤ ሴኮንድ የሚቆጥር ሰዓትና ቴርሞ ሜትር። የልብ ምት በደቂቃ ከ90 በላይ፣ ትንፋሽ በደቂቃ ከ20 በላይ፣ የሰውነት ሙቀት ከ38 ዲግሪ በላይ ወይም ከ36 በታች፣ እና የሚቆጠር ከሆነ ነጭ የደም ሕዋስ ከ12,000 በላይ ወይም ከ4,000 በታች፤ ከእነዚህ ሁለቱ ከተገኙ ብግነቱ ከቆሽት አልፎ መላውን ሰውነት ይዟል። ትንፋሹን ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቁጠሩ፤ ሩብ ደቂቃ ቆጥሮ በአራት ማባዛት በዚህ ሕመም ብዙ ጊዜ ያሳስታል፣ ታማሚው በሕመሙ ምክንያት አጭር አጭር እየተነፈሰ መሐል ላይ ቆም ስለሚል። የጣት ኦክስጅን መለኪያ ካለዎት፣ ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ የጤነኛ ሰው ንባብም ቆላ ካለው ጥቂት ዝቅ ሊል ይችላል፤ ስለዚህ ከአንዱ ቁጥር ይልቅ ከሰዓት ወደ ሰዓት መውረዱን ይዩ። ከ60 ዓመት በላይ የሆነ፣ የሚቃዥ፣ ሽንቱ የቀነሰ፣ ሕመሙ ወደ ጀርባ የሚዘልቅና ቀጥ ብሎ መተኛት አቅቶት ወደ ፊት ጎንበስ የሚል ሰው ካገኙ ነገን አይጠብቁ፤ ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣበት ጀልባ እንደሚቸገር ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ስለ ግሉኮስ፣ በአገራችን በደም ሥር የሚንጠለጠለው ሁሉ ግሉኮስ ቢባልም ለዚህ ታማሚ የሚመረጠው ሪንገር ላክቴት የተባለው ፈሳሽ ነው፤ ተራ የጨው ውኃ ከሆነው ከኖርማል ሳላይን ይልቅ ብግነቱን ቀለል እንደሚያደርግ የሚጠቁሙ ጥናቶች አሉ። በፊት የተማርነው በጎርፍ መስጠት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው፣ 249 ታማሚዎች የተሳተፉበት ጥናት ይህን ልማድ አቆመው፤ ብዙ ፈሳሽ ከተሰጣቸው 20.5 በመቶ፣ በመጠኑ ከተሰጣቸው 6.3 በመቶ በፈሳሽ ተጥለቀለቁ፤ ጥቅም ሳይታይበት ጥናቱ ከጊዜው በፊት ተቋረጠ። ምክንያቱን ከላይ ካለው ደብዳቤ መልስ ያገኙታል፤ የሚያፈስስ የደም ሥር የጨመሩበትን ውኃ ወደ ሳንባ ያሳልፈዋል። በጥናቱ በመጠኑ የተባለው በሰዓት ለአንድ ኪሎ ክብደት 1.5 ሚሊ ሊትር ነበር፤ ፈሳሽ ለጎደለው ብቻ መጀመሪያ ላይ በኪሎ 10 ሚሊ ሊትር ተሰጥቶታል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በሰዓት 90 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው፤ አንድ ሊትሩ ከ11 ሰዓት በላይ ይቆያል። ቤተሰብ «ቀስ አለ፣ ይፍጠን» ቢልም ጠብታውን አይክፈቱት። የሕመም ማስታገሻ ግን አይንፈጉት።

ጥያቄ፦ «ባለቤቴ በቀላል የቆሽት ብግነት ተኝተው ወጥተዋል፤ አልትራሳውንዱ ሐሞታቸው ውስጥ ጠጠር አሳይቷል። አሁን አያማቸውም። ቀዶ ሕክምናው ይቆይ ወይ? ቆሽታቸው እንዲያርፍስ ምግብ ይተዉ? ጥቂት ጠላስ?»

መልስ፦ አይቆይ። ሕመሙ ቀላል በነበረ ታማሚ የሐሞት ከረጢቱ እዚያው ሆስፒታል ሳሉ ቢወጣ ይመረጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት ሳይወጡ ከተሠራላቸው 5 በመቶ፣ ለአንድ ወር ያህል ከቆዩት 17 በመቶ ከጠጠሩ ጋር በተያያዘ ችግር ተመልሰው ተኝተዋል ወይም ሞተዋል። በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ላሉት ወንድም ግን ይህ አይሠራም፤ ሕመማቸው ከባድ ስለነበረ ብግነቱ በርዶ በቆሽቱ ዙሪያ የታቆረው ፈሳሽ እስኪረጋ ሳምንታት ይጠበቃል፤ ቀኑን የሚወስነው ቀዶ ሐኪማቸው ነው።

ምግብ መተው የድሮ ምክር ነው። ባዶ አንጀት ግድግዳው ይሳሳል፤ ስለዚህ ዛሬ ሆስፒታል ውስጥ ሳይቀር ታማሚው መብላት እንደቻለ እንዲበላ፣ ካልቻለም በቱቦ እንዲመገብ ይደረጋል። ባለቤትዎ እንጀራውን በሽሮም በዓሣም ይብሉ፤ ጮማና ቅቤ የበዛበት ወጥ ግን ጠጠሩ እስኪወጣ ይቅርባቸው፤ ቅባት የሐሞት ከረጢትን ጭምቅ ስለሚያደርገው ጠጠሩን ዳግመኛ ወደ ቱቦው ሊገፋው ይችላል። ጠላውንም አረቄውንም ቢያንስ እስኪያገግሙ ይተዉ፤ መነሻው መጠጥ ለሆነበት ታማሚ ግን ጥቂትም ብትሆን አትፈቀድም። ትኩሳት፣ የዓይን ቢጫ መሆን ወይም ያው ውጋት ከተመለሰባቸው ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይውሰዷቸው።